«ተቀበለ» ስንል፤ ከቦርደዴ በደረሰን የስያሜ ዝርዝር ላይ የተሰጠ ሒስ

በዚህ ዓምድ ስንመረምር የቆየነው ብዙውን ጊዜ የታተመ መዝገበ ቃላት ወይም በባለሙያዎች ጉባኤ የተወሰነ የስያሜ ዝርዝር ነበር። አሁን በፊታችን ያለው ግን አራት ቅጠል የደብተር ወረቀት ነው። ጸሐፊው የቦርደዴ ወጣት ሲሆን ዝርዝሩን ያዘጋጀው ለኅትመት አስቦ ሳይሆን ችግር ገጥሞት ነው። ጭሮ ከሚኖር ጓደኛው ጋር ሆኖ፣ ሁለት ሰዎች ተራርቀው በየስልካቸው የሚጫወቱትን የገበጣ ፕሮግራም ሲጽፍ፣ ከአንዱ ስልክ የተላከው በሌላው ላይ ተዛብቶ መታየት ይጀምራል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨዋታው መካከል ላይ ይቆማል። ወጣቱ ፕሮግራሙ የሚያወጣቸውን የእንግሊዝኛ ማስታወቂያዎች ለራሱና ከእርሱ ለሚማሩ ታናናሾቹ ወደ አማርኛ መለሰ። ከዚያም ወረቀቱን «ቃላቱን እዩልኝ፤ ምናልባት ጥፋቱ ከቃላቱ ሊሆን ይችላል» ከሚል ማስታወሻ ጋር ላከልን።

ይህችን ማስታወሻ መጀመሪያ ስናነባት እንደ ትሕትና ቈጠርናት። ዝርዝሩን ከመረመርን በኋላ ግን ወጣቱ እርሱ ራሱ ከገመተው በላይ እውነት መናገሩን ተረዳን። በዚህ ሒስ የምንከራከረውም ለዚሁ ነው። በቋንቋችን ሦስት ልዩ ልዩ ስም ያላቸው ሦስት ተግባሮች በአንድ «ተቀበለ» ሥር ተጠቃለዋል፤ የፕሮግራሙም እክል ከዚሁ መጠቃለል የመጣ ነው።

አስቀድመን ስለ ቦታውና ስለ ዘመኑ ጥቂት እንበል። ቦርደዴ ከአዋሽ ወደ አሰቦትና ሚኤሶ፣ ከዚያም ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) እና ወደ ድሬዳዋ በሚያመራው መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ከተማ ናት። የብዙኀኑ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛና ሶማልኛም በመንገዱ ዳር ይሰማሉ። ስለዚህ በዚያ ያለ ወጣት አንድን ነገር ሲሰይም በሁለትና በሦስት ቋንቋ እያመዛዘነ ነው፤ የዚህን ጥቅም ወደ ታች እናየዋለን። የዘመኑን ጕዳይ በተመለከተ ደግሞ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ኢንተርኔት ወደ አገራችን ገና መግባቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው የአውታር ሙያ ቃል በአብዛኛው በየግለሰቡ እጅ ሲሰየም ቆይቷል። ጉግል በ2016 እ.ኤ.አ. አማርኛን ወደ ተርጓሚ ማሽኑ ከጨመረ በኋላ ደግሞ ስያሜው ከግለሰብ እጅ ወጥቶ ወደ ማሽኑ እጅ እየገባ ነው። የቦርደዴው ዝርዝር በሰው እጅ የተሠራ መሆኑ ብቻውን ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ጨዋታው ገበጣ መሆኑም ለእኛ ግድ አለው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ባወጡት ጥናት የገበጣ ስምና ደንብ ከአገር አገር ምን ያህል እንደሚለያይ አሳይተዋል። ገበጣን ወደ ስልክ ማግባትም አዲስ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ከዚህ በፊት ሠርቶታል። የቦርደዴው ወጣትና ጓደኛው የሚጫወቱት ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በድምሩ 12 ጉድጓድ ያለውን ነው። ይህን ቍጥር አንባቢ ያስታውስልን።

በዝርዝሩ ራስ ላይ የተጻፈው ሐረግ «የመሰኪያ መቀበል ስሕተት» የሚል ነው። ሦስት ቃል ነው፤ በሦስቱም ላይ የምንለው አለን።

«መሰኪያ» «ሰካ» ከሚለው ግሥ በደንቡ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። እንከኑ የሚሰካውንም የሚሰካበትንም ሊያመለክት መቻሉ ነው። በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ መድከም አያስፈልግም ነበር። «ሶኬት» የግድግዳውን የኤሌክትሪክ መሰኪያ ለመጥራት ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቦርደዴ ላይ ስልኩን ኃይል ሊያስሞላ ሶኬት የማይጠይቅ የለም። እንግሊዝኛውም ቃሉን ለአውታር ሥራ የወሰደው ከሌላ ትርጕም ነው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካው አርፓ አውታር ጽሑፎች ይገኝ የነበረው ቃል ዛሬ በሚታወቅበት የፕሮግራም አገባብ የተስፋፋው በርክሊ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣው 4.2 በተባለው የዩኒክስ እትም ነው። እነርሱ የአምፑሉን ቃል ለመስመር ጫፍ ካዋሉት፣ እኛም የግድግዳውን ብናውለው ነውር የለበትም። ሶኬት ይባል።

ከዚሁ ጋር «ፖርት» ለሚለው «ወደብ» ተብሎ መተርጐሙን በአጭሩ እንነቅፋለን። የጅቡቲ ጭነት በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያደገ ሰው ወደብ ሲባል የሚታየው ባሕርና መርከብ ነው። በአንድ ማሽን ላይ በቍጥር የሚለየው መግቢያ «በር» ቢባል ይበቃል፤ የበር ቍጥር ለማንም እንግዳ አይደለም።

«ስሕተት» በሚለው ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። በአማርኛ ስሕተት ባለቤት ይፈልጋል። «ስሕተት አለ» ሲባል ሰሚው ወዲያው «የማን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ግሡ «ተሳሳተ» ነውና ተሳሳቹ አይቀርም። ወጣቱም የጻፈልን ይህንኑ ነው። «የመቀበል ስሕተት» የሚለውን ማስታወቂያ ባየ ቍጥር ጥፋቱን በራሱ ፕሮግራም ውስጥ ሲፈልግ ሰንብቷል። ነገር ግን ሶኬቱ «ልቀበል አልቻልሁም» ከሚልባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ የማንም ስሕተት አይደሉም። ጓደኛው ስልኩን ዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ሞገዱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ገና የመጣ ነገር የለም። ለእንዲህ ያለው ቋንቋችን «እክል» የሚል ቃል አለው። እክል ይገጥማል እንጂ አይሠራም። ስለዚህ «የመቀበል እክል» ቢባል ፈላጊው ፊቱን ወደ ራሱ ብቻ ሳይሆን ወደ መስመሩም ወደ ወዲያኛው ጫፍም ያዞራል። ፕሮግራም ጻፊው በእውነት ያጠፋው ሲኖር ለዚያ «ስሕተት» ይቆይለት።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንመጣለን።

«ተቀበለ» በአማርኛ ውስጥ ምን ምን እንደሚሸከም እናስብ። እንግዳ እንቀበላለን፤ ደመወዝ እንቀበላለን፤ አደራ እንቀበላለን፤ አውጪው ሲያወጣ ሕዝቡ ይቀበላል። በነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም አንድ ሰጪ አንድ ሙሉ ነገር ሲሰጥ፣ ተቀባዩ ያንኑ ሙሉ ነገር ይወስዳል የሚል ነው። ሰጠና ተቀበለ፣ ላከና ተቀበለ ጥንድ ናቸው። አንድ ጊዜ ከተላከ አንድ ጊዜ ይቀበሉታል። ሁለት ጊዜ ከተላከ ሁለት ጊዜ ይቀበሉታል። ቃሉ ይህን ተስፋ ሳይናገር ይሰጣል።

ወጣቶቹ የተጠቀሙበት ቲ.ሲ.ፒ. የተባለው የአውታር ሥርዓት ግን እንዲህ ያለ ተስፋ አይሰጥም። በ1981 እ.ኤ.አ. በታወቀው መልኩ የተደነገገው ይህ ሥርዓት የሚሰጠው ቃል ኪዳን ሌላ ነው፦ መስመሩ እስካለ ድረስ የተላኩት ባይቶች በተላኩበት ቅደም ተከተል፣ ሳይጐድሉና ሳይደገሙ ይደርሳሉ። የት ላይ ተቈርጠው እንደ ተላኩ ግን አይጠብቅም። ላኪው በሦስት ጊዜ የላከው በአንድ ጊዜ ሊወሰድ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የላከውም በሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ሊወሰድ ይችላል። የሚመጣው ወራጅ ነው እንጂ እሽግ አይደለም።

ይህ ልዩነት በገበጣው ላይ ያደረሰውን እንመልከት። ፕሮግራሙ አንድ ተጫዋች የሚነሣበትን ጉድጓድ ቍጥር ወደ ወዲያኛው ስልክ ይልካል። በወጣቶቹ ደንብ አንዱ ተጫዋች ደጋግሞ የሚነሣበት ጊዜ ስላለ፣ የጭሮው ልጅ ከጉድጓድ 1 ይነሣል፤ ወዲያው ደግሞ ከጉድጓድ 2 ይነሣል። ሁለት ጊዜ ተላከ። ቦርደዴ ላይ ያለው ስልክ ግን ሁለቱን አኀዞች በአንድ ጊዜ ወስዶ «12» ብሎ አነበበ፤ ጠጠሩንም ከዐሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ አነሣ። ጉድጓዱ አለና ፕሮግራሙ ምንም ማስታወቂያ አላወጣም። ሁለቱ ልጆች አንዱ ሌላውን በማጭበርበር ጠረጠረ። ወጣቱ በደብተሩ ጠርዝ ላይ «መልእክት ተቀበል ብዬው ሁለት መልእክት ለምን ይቀበላል?» ብሎ ጽፏል። ጥያቄው ትክክለኛ የአማርኛ ጥያቄ ነው። መልሱም «ተቀበል» የሚለው ቃል ትእዛዙ የማይሠራውን ሥራ ስላሸከመው ነው።

ሁለተኛው ጕዳት ለአማርኛ ጽሑፍ የተለየ በመሆኑ የዚህን መጽሔት አንባቢ ይበልጥ ይመለከታል። ጨዋታው ሲጀመር የገበጣው ደንብ በአማርኛ ተጽፎ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ይላካል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ በተለመደው ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ገበጣ» የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ነው፤ በመስመሩ ላይ ግን ዘጠኝ ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ወራጁ የትም ላይ ቢቈረጥ ፊደሉ አይሰበርም። የእኛ ግን ይሰበራል። ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ 1024 ባይት ይውሰድ ቢባልና ጽሑፉ ያለ ክፍት ቦታ የአማርኛ ፊደል ብቻ ቢሆን፣ 341 ፊደል ሙሉውን ይገባና 1023 ባይት ይሆናል፤ የ342ኛው ፊደል አንድ ባይት በዚህኛው፣ ሁለት ባይት በሚቀጥለው ይቀራል። ሁለቱ ቍራጮች ሳይጋጠሙ ለየብቻ ከተነበቡ በፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት የያዘ ጥቍር አልማዝ ይታያል። ወጣቱ ይህን ያየው «ጠጠር» በሚለው ቃል መካከል ነበር፤ ስልኩ አማርኛ አይችልም ብሎም ደመደመ። ስልኩ አማርኛ ይችላል። ያልቻለው አንድን ሙሉ ነገር ተቀበልሁ ብሎ የሚያስበው ፕሮግራም ነው።

እንግዲህ ይህን ተግባር ምን እንበለው?

በቦርደዴ ቆላ ውኃ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ቦኖ ላይ ይሰለፋሉ። ቦኖ ላይ የሚደረገውን ማንም «መቀበል» አይለውም። ውኃ ይቀዳል። ቀጂው ከሚወርደው ውኃ ዕቃው የሚይዘውን ያህል ወይም በወቅቱ የመጣውን ያህል ይወስዳል፤ የውኃ ክፍሉ ውኃውን በስንት ጊዜ እንደ ለቀቀው አይጠይቅም። የሶኬቱም ትእዛዝ በትክክል ይህንኑ ይሠራል። «ቢበዛ ይህን ያህል ባይት ስጠኝ» ይላል፤ ያን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይሰጠዋል። ስለዚህ «ቀዳ» ወደ አእምሯችን የመጣው የመጀመሪያው ቃል ነበር።

ነገር ግን «ቀዳ» ሥራ ላይ ነው። ከግእዙ «ቀድሐ» የወረደው ይህ ግሥ ከውኃው በተጨማሪ ጽሑፍ መገልበጥንና ድምፅ መቅረጽን ያመለክታል፤ «ቅጂ» የምንለውም ከዚሁ የተገኘ ነው። በኮምፒዩተር የአማርኛ ገጽታ ላይ «ቅዳ» የሚለው ትእዛዝ «ኮፒ» ለሚለው ቆሟል። የሚገርመው ጐረቤት ቋንቋም በዚሁ መንገድ መሄዱ ነው፤ በኦሮምኛ «ወራቡ» ውኃ መቅዳትም ነው፣ ድምፅና ምስል መቅረጽም ነው። በዚያ አገር ሁለቱን ቋንቋ ለሚናገር ልጅ የሁለቱ ትርጕም ጥምረት በእጥፍ የጸና ነው ማለት ነው። «ከሶኬቱ ቅዳ» ቢባል «ገልብጥ» ብሎ ይረዳል። ሲገለብጡ ደግሞ ዋናው በቦታው ይቀራል፤ ከሶኬቱ የተወሰደው ግን ተመልሶ አይገኝም። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለምና «ቀዳ»ን ባንወድም እናልፈዋለን።

የምናቀርበው «ጨለፈ» የሚለውን ነው። ጨላፊ ከትልቅ ዕቃ ውስጥ ጭልፋው የሚይዘውን ያህል ያወጣል፤ የቀረው በዕቃው ውስጥ ለሚቀጥለው ይቆያል፤ የወጣው ወጥቷል። ወራጁ መጥቶ የሚጠራቀምበት የማሽኑ ዕቃና ፕሮግራሙ ይዞ የሚቀርበው ዕቃ ሁለት መሆናቸውንም ቃሉ ሳይነገር ያሳያል። የወጥ ቤት ቃል ነው ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል። የእህል ማስቀመጫ የነበረው «ቋት» ዛሬ «የመረጃ ቋት» ተብሎ በየመሥሪያ ቤቱ ሲነገር ማንም ዱቄት አላሰበም።

ስለ ቋት ካነሣን፣ ዝርዝሩ «በፈር» ለሚባለው ማጠራቀሚያ «ቋት» ማለቱ አይጸናም፤ ቃሉ በመረጃ ቋት ተይዟልና። በማሽኑ በኩል ያለው «ገንዳ» ቢባል፣ በፕሮግራሙ እጅ ያለው ደግሞ «ጭልፋ» ቢባል ሁለቱ አይደባለቁም።

ከመጨለፍ በኋላ የሚቀር ሥራ አለ፤ የተጨለፈውን አጋጥሞ አንድ ሙሉ መልእክት ማውጣት። ይህ ሁለተኛው ተግባር ነው፤ ቋንቋችንም ለእርሱ ከተዘጋጀ ቃል ጋር ይጠብቃል። ዕቃ ቤት ጠባቂ ዕቃ ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ይረከባል። መረከብ ቈጥሮ መውሰድ ነው። በሰነዱ ላይ ሃያ ከተባለ ሃያው እስኪሞላ ድረስ ርክክቡ አላለቀም። በአውታር ሥራም ፈውሱ ይኸው ነው። ላኪው ከመልእክቱ በፊት የመልእክቱን ርዝመት በታወቀ መጠን፣ ለምሳሌ በአራት ባይት፣ ያስቀድማል። ተረካቢው መጀመሪያ አራቱ ባይት እስኪሞሉ ይጨልፋል፤ ርዝመቱን ያነባል፤ ከዚያ የተባለው ቍጥር እስኪሞላ ደጋግሞ ይጨልፋል፤ ሲሞላ ተረከበ ይባላል። እንዲህ ከሆነ 1 እና 2 ተጣብቀው 12 አይሆኑም፤ ፊደልም መካከሉ ላይ ተሰብሮ አይነበብም። «ጨልፈህ ተረከብ» የተባለ ተማሪ የዙሩን አስፈላጊነት ከቃሉ ያገኘዋል፤ «ተቀበል» የተባለው ግን ዙሩን ለምን እንደሚጽፍ አይገባውም።

(«ላከ» የሚለውም ቃል ከነቀፋ ንጹሕ አይደለም። የመላክ ትእዛዙም ከተሰጠው ውስጥ ከፊሉን ብቻ ወስዶ ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን ይህን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።)

ታዲያ «ተቀበለ» ይጣል ማለታችን ነው? አይደለም። የሚስማማው ቦታ አለ። በ1980 እ.ኤ.አ. የተደነገገው ዩ.ዲ.ፒ. የተባለው ሌላው ሥርዓት የሚልከው ወራጅ ሳይሆን እሽግ ነው። እሽጉ ከደረሰ ሙሉውን ይደርሳል፤ ካልደረሰም ጭራሽ አይደርስም። ሊጠፋ፣ ሊቀዳደም፣ አልፎ አልፎም ሊደገም ይችላል፤ ከሌላ እሽግ ጋር ግን አይጣበቅም። እያንዳንዱን ዐይን ጥቅሻ መዘግየት የሚጎዳቸው የሩጫና የተኩስ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ይህን ነው። አንድ ጊዜ የተላከውን አንድ ጊዜ የሚወስዱት እዚህ ነውና «ተቀበለ» እዚህ በቦታው ነው። ማስያዣው ብቻ ጠባብ እንዳይሆን፤ ከእሽጉ ያነሰ ዕቃ ይዞ ለቀረበ ትርፉ ይፈስበታል። ዊንዶውስ ይህን በቍጥር 10040 ያስታውቃል፤ ሊነክስ ግን በተራው አጠቃቀም ዝም ብሎ ይቈርጠዋል።

ከዋናው ቃል በኋላ የማስታወቂያዎቹ ትርጕም ይቀራል። ከመካከላቸው ሦስቱ በቦኖው ምሳሌ ሊለዩ ይችላሉ። ቧንቧው ተከፍቶ ውኃው ለጊዜው ያልመጣበት ጊዜ አለ፤ የቦኖው ጠባቂ «ለዛሬ በቃ» ብሎ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ቧንቧው ራሱ የሚሰበርበት ጊዜም አለ። በሦስቱም ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ ቀጂው የሚያደርገው ግን ይለያያል። በመጀመሪያው ይጠብቃል፤ በሁለተኛው ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል፤ በሦስተኛው ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

የመጀመሪያውን፣ ማለትም በሊነክስ 11፣ በዊንዶውስ 10035 የሚል ቍጥር የያዘውን፣ ዝርዝሩ «ይታገዳል» ብሎታል። የእንግሊዝኛው ቃል መልክ ሲታይ ነው እንጂ ሐሳቡ አይደለም። በአማርኛ የታገደ ሰው ጥፋት ያለበት ነው፤ ተጫዋች ታገደ ሲባልም ከጨዋታ ተባረረ ማለት ነው። ከታናናሾቹ አንዱ ይህን ማስታወቂያ አይቶ «ጋሼ፣ ምን አደረግሁና ነው የታገድሁት?» ብሎ መጠየቁን ወጣቱ ጽፎልናል። ማስታወቂያው የሚለው ግን «አሁን የሚጨለፍ የለም፤ እጠብቃለሁ ካልህ ትቆማለህ፤ ኋላ ተመለስ» ነው። «ለጊዜው የለም» ቢባል ይበቃል። እክል እንኳ አይደለም።

ሁለተኛው የማስታወቂያ ቃልም የለው። ትእዛዙ ዜሮ ባይት ይዞ ይመለሳል፤ ይህም ወዲያኛው ወገን መላኩን በሰላም ጨርሷል ማለት ነው። ዝርዝሩ «ባዶ መልእክት ተቀበለ» ይለዋል። በቲ.ሲ.ፒ. ባዶ መልእክት የሚባል ነገር የለም። ይህን ያመነ ፕሮግራም ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ደጋግሞም ዜሮ ይመለስለታል፤ ስልኩ እስኪግል ድረስ ይዞራል። «ወራጁ አበቃ» እንላለን።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ በሊነክስ 104፣ በዊንዶውስ 10054። ዝርዝሩ «ግንኙነቱ በእኩያ ዳግም ተጀመረ» ይላል። ቃል በቃል ከመተርጐም ይህን ያህል የራቀ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። እኩያ በዕድሜ አቻ የሆነ ባልንጀራ ነው፤ ዳግም ተጀመረ የተባለም ነገር እየሠራ ነው። አንባቢው ማስታወቂያውን አይቶ ደስ ብሎት ይጠብቃል፤ መስመሩ ግን ሞቷል። «ወዲያኛው ጫፍ መስመሩን በጠሰ» ማለት ይገባል። መበጠስ ድንገተኛነቱንና የማይቀጠል መሆኑን ይነግራል፤ ከወራጁ ማብቃትም ይለየዋል።

እዚህ ላይ ግን የራሳችንም ትርጕም ጕድለት እንዳለው ማመን አለብን። ወጣቱ በኋላ ጨዋታውን በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ በዩ.ዲ.ፒ. ሲሞክር ይኸው 10054 መጣበት። በዩ.ዲ.ፒ. መስመር የሚባል የለም፤ የሌለ መስመር እንዴት ይበጠሳል? ነገሩ እንዲህ ነው። ቀደም ሲል የላከው እሽግ ወዲያ ማዶ የሚጠብቀው በር ተዘግቶ አገኘ፤ ያኛው ማሽን «በዚህ በር ማንም የለም» የሚል ምላሽ ላከ፤ ዊንዶውስም ይህን ምላሽ በሚቀጥለው የመቀበል ትእዛዝ ላይ በ10054 አስታወቀ። እክሉ የመላክ ሲሆን የታየው በመቀበል ላይ ነው። ብዙ ተጫዋቾችን በአንድ ሶኬት የሚያስተናግድ ፕሮግራም ይህን እንደ መበጠስ ቈጥሮ መቀበሉን ካቆመ፣ አንዱ ተጫዋች ስለ ወጣ ሌሎቹ ሁሉ ከጨዋታ ይወድቃሉ። ፈውሱ ማስታወቂያውን አልፎ መቀበሉን መቀጠል ወይም ዊንዶውስ ይህን እንዳያስታውቅ ማዘዝ ነው። ለትርጕም ሥራ ያለው ነገር ግን ከባድ ነው፤ አንድ ቍጥር፣ አንድ የእንግሊዝኛ ሐረግ፣ ሁለት ሐሳብ። በቲ.ሲ.ፒ. ሲመጣ «ወዲያኛው ጫፍ መስመሩን በጠሰ»፣ በዩ.ዲ.ፒ. ሲመጣ «የቀደመው እሽግ በሩን ዝግ አገኘ» ተብሎ በሁለት እንዲተረጐም እንመክራለን። ለአንድ ቃል አንድ አቻ የሚለው የቈየ ሕጋችን እዚህ ላይ ይጣሳል፤ በዚህ ገጽ ስንሟገትለት እንዳልኖርን ሁሉ ራሳችን ጣስነው።

የቀሩትን በፍጥነት እናልፋለን። «የመጠበቂያ ጊዜ አለፈ» የሚለው በሊነክስ 110፣ በዊንዶውስ 10060 ለሚመጣው ማስታወቂያ የተሰጠ ትርጕም ጥሩ ነው፤ «ሰዓት አለቀ» ቢለው ከጨዋታው ሰዓት ጋር ይምታታ ነበር። «አድራሻ»ና «አስተናጋጅ» ይቆዩ። «ኔትወርክ» በሕዝቡ አፍ የስልክ ሞገድ ሆኗልና ለሙያው «አውታር» መመረጡን እንደግፋለን።

ወረቀቱን አርመን ከመለስን በኋላ ከቦርደዴ ምላሽ ደርሶናል። ወጣቱ ርዝመቱን በአራት ባይት እያስቀደመ መላክ ጀምሯል፤ ታናናሾቹንም «ጨልፎ መረከብ» ብሎ ያስተምራል። የጭሮው ጓደኛው ግን «ጨለፈ» ወጥ ወጥ ይሸታል ብሎ እምቢ ብሏል፤ በእርሱ በኩል ባለው የፕሮግራም ማብራሪያ ላይ «ቀዳ» ብሎ ጽፏል፤ «ገለበጠ» ብሎ የሚረዳ ቢኖር በቅንፍ እገልጽለታለሁ ይላል። ሁለቱም ወገን ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲልክልን ጠይቀናል።